ሣሩን አይርገጡ

ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች፤
«የአያት አገር ጎብኙ፣ ቅርሱን ሣሉ» ትላለች።
የናሆም አያት ጂንካ፣ የፌቨን ደግሞ ሐረር፣
አንዷ እንዲያውም በአውሮፕላን ጎዴ ድረስ ልትበር።
«የኛስ?» አለች። አባቴ ጋዜጣውን አጠፈ፤
«ዶሮ ማነቂያ ነዋ» ሲል ድምፁ ትንሽ ገዘፈ።

ከአራብሳ ፒያሳ ነው። ሁለት ታክሲ፣ አንድ ሰልፍ።
አባቴ ግን ለበሰ በእኔ ሠርግ የለበሰውን ሱፍ፤
ጫማውን በሌሊት ቀባ፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጠረ፣
ውሃ በሃይላንድ ሞላ፣ የበሩን ቁልፍ ሦስቴ ሞከረ።
ወያላው ሱፉን ዐይቶ «ለቅሶ ነው አባት?» ቢለው፣ ተመቻችቶ
«አገር ቤት ነው» አለው፣ ስንቁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ።

መገናኛ ላይ ዝናብ፣ አራት ኪሎ ላይ ፀሐይ፤
ልጄ በየመብራቱ «ደረስን ወይ? ደረስን ወይ?»

ጊዮርጊስን ተሳልመን ቁልቁል ወረድን።
ቆመ።
መንገዱ ሰፍቷል፤
የመብራቱ ምሰሶ እንደ ሰልፈኛ በተራ ተተክሏል፤
ሰማዩ በዝቷል።
ድሮ እዚህ ሰማይ የሚታየው
በሁለት ቆርቆሮ መሐል፣ በክንድ ልክ ነበር፣ አለ።
ቦኖው የለ፤ የአቶ ግርማይ ልብስ ስፌት የለ፤
«የታለ ታዲያ ቤቱ?» አለች።
አባቴ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ ዋለለ።

በመጨረሻ አገኘናት፣ ያቺን የእንጨት ፎቅ፤
ሰገነቷ ዳንቴል መስሎ፣ ቀለሟ ሲያብረቀርቅ።
«ቅርስ» ይላል በሯ ላይ፣ በነሐስ፣
የማይሸጥ፣ የማይፈርስ።
ልጄ እርሳሷን አወጣች፣ መሣል ጀመረች ወዲያው፤
«እሱ አይደለም» አላት አባቴ፤ «የኛ እኮ ከኋላው።»

ከኋላው ሣር ነው። አራት ማዕዘን፣ የተበጠረ፤
ውሃ የሚረጭ ጎማ መሐሉ ላይ እየዞረ።
ጥጉ ላይ ትንሽ ሰሌዳ፦ «ሣሩን አይርገጡ።»
አባቴ አነበበው።
ረገጠው።

ፊሽካ ተነፋ።
ጥበቃው መጣ፣ ጢም ያላወጣ ልጅ፣ ዱላው ከወገቡ፤
«አባት፣ ሣር ላይ በየት ነው የገቡ?»

«በሩ እዚህ ነበር» አለው፤ «ጎንበስ ተብሎ ይገባል።
አልጋው እዚህ። ክረምት ሲሆን እዚህ ጋ ያፈሳል፤
ድስት እንደቅናለን፤ እህቴ ሙሉነሽ
ጠብታውን እየቆጠረች እንቅልፍ ይወስዳታል።
ስድስት ነፍስ ነበርን፣ በአራት እርምጃ ቤት።
አባቴ የዚህ ፎቅ ዘበኛ ነበረ፤
ጌቶች ሲወጡ ሲገቡ፣ ሃያ ስድስት ዓመት
እንዳንተው
ቆሞ አደረ።»

ልጁ ፊሽካውን ከአፉ አወረደ።
«የእኔ አገር ሞጣ ነው» አለ፣ ሳንጠይቀው፤
«ድፍን ቀን በመኪና። ካየሁት ሁለት ዓመቴ።»
ግራ ዐየ፣ ቀኝ ዐየ፣
ካሜራው ወዴት እንደዞረ ዐየ፤
«አምስት ደቂቃ» አለ። «እኔ በዚያ በኩል ነኝ።»
ጀርባውን ሰጠን።

አባቴ ጫማውን አወለቀ፣ በሌሊት የቀባውን።
በካልሲ ቆመ፣ አልጋው በነበረበት።
አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤
ጎማው ዞሮ መጣና ሱሪውን አረጠበው።
«ዛሬም ያፈሳል» አለ።
ሳቅን፤ ጥበቃው ጭምር፣ ጀርባውን እንደሰጠ።
ዳቦ ቆሎውን ለእሱ ተውንለት፣ ከነፌስታሉ።

በታክሲው ውስጥ አባቴ ተኛ።
ካልሲው ላይ ሁለት የሣር ቅጠል ነበረ።

ማክሰኞ ልጄ ሥዕሏን ይዛ ተመለሰች፤
ወረቀቱ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሌላ የለበትም።
መምህሯ በቀይ ጽፈዋል ከጎኑ፦ «ቅርሱስ የታለ?»
አባቴ መነጽሩን አድርጎ አየው፣ ብዙ ቆየ፤
ከዚያ ቡናማውን እርሳስ መርጦ ሰጣት፤
«በሩን ረስተሽዋል» አለ።
«ትንሽ አድርጊው።
ጎንበስ ተብሎ ነው የሚገባው።»