አውራ ጣት

ሆርታ ወደብ ዳር፣ ከመረብ ጠጋኞች ሰፈር፣
ዲዮሊንዳ ቁልፍ ገዛች፤ የማይከፍት አንድም በር።
ሻጩ ኤውሪኮ ሳቀ፦ «ደግሞ ይሄስ ምን ሊበጅሽ?
ቴሌግራሙ ከሞተ፣ ማን አለና ሊመልስልሽ?»

መልስ አልሰጠችውም። በጨርቅ ጠቅልላ ወሰደች፣
አረንጓዴ ዝገቱን በሎሚ በጨው ፈተገች፣
ብሎኑን አንድ ባንድ ፈታ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፈች፤
የሻከረውን ጫፍ በስስ ሞረድ ዳሰሰች።
ሞላው ላልቶ ነበር፤ ከእስክሪብቶ ሆድ አውጥታ
ሌላ ሞላ ተከለች፣ በወረንጦ ይዛ፣ ትንፋሿን ገትታ።

ከዚያ እጀታው ላይ፣ ከጥቁሩ እንጨት በቀኙ፣
አውራ ጣት ልሶ የጨረሰው ጎድጓዳ ጣቶቿ አገኙ።
«አውራ ጣትህ በቀኝ? ግራኝ ነበርክ» አለችው፣
የማታውቀውን ሰው፣ ስሙን እንኳ ያልሰማችው።
ስንት ልጅ ሰርዟል፣ ለናቱ በላከው ሰረዝ?
ሞላ ለወጠች እንጂ ጎድጓዳውን አልሞላችም፤
በቀለም እንዳይደነዝዝ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ባትሪ ገጥማ ስትሞክረው፣
በማይታዘዝ ግራዋ ነካ፣ ነካ ስታደርገው፣
ጎረቤት ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ደበደበው።

ደነገጠች፣ ቆመች፤ ከዚያ ጆሮዋን አስጠጋች፦
«ሦስት አጭር፣ ኤስ ነው» አለች፤
ቀጣዩን ፊደል ጠበቀች።