ብሎኬት

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አራብሳ ዳርቻ፣
ሊፍት በሌለበት፣ በደረጃ ብቻ፣
ዘበኛው ወርዶፋ ላብ በላብ ሆኖ መጣ፤
የታቀፈው ካርቶን ይጮሃል በቁጣ።
«ሕንጻው አለቀና ቁልፉን አስረከብኩኝ፣
እሷን ለማን ልተው? አንቺን አሰብኩኝ።
አይጥ ትይዛለች፤ ሰው ግን አታምንም» አለኝ፤
ውሃውን ቆሞ ጠጣ፣ ዞር ሳይል ወረደ፣
ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

መልኳ ድፍን ግራጫ፣ እንደ ደረቀ ሲሚንቶ፣
አንድ ጆሮዋ ጫፍ የለው፣ ከድሮ ጠብ ጋር ቀርቶ፤
ብሎኬት አልኳት።

ካርቶኑን ስፈታው እንደ ጥይት ወጣች፣
ከስፌት መኪናው ሥር፣ ከፔዳሉ ኋላ፣
ግድግዳ መስላ ቀረች።
ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት
ሁለት ዓይን ብቻ ነበረች፤
የተረፈው ጨለማ።

ፔዳሉን ብረግጥ ትደነግጣለች ብዬ
ሥራ አቆምኩ።
የወይዘሮ ዘርትሁን ቀሚስ ጠርዙ ሳይታጠፍ ሰነበተ፤
ስትደውል «መብራት የለም» አልኳት፣
አምፖሉ ከራሴ በላይ ቦግ ብሎ እየሰማ።

ትርንጎ ከጎረቤት መጥታ
«በጆንያ ቋጥረሽ ቤቱን ሦስቴ አዙሪያት፣
መውጫው እንዲጠፋት።
ደግሞስ ምን ያደርጋል፣ ድመት መንኩሳ
አመሏን አትረሳ» አለች።
ማን መንኩሺ አላት?
አመሏን ይዛ ትግባ፤ ቦታ አለ።

ከሕንጻው ሥር ግንበኞች ጥለውት የሄዱትን አሸዋ
በባልዲ፣ በየፎቁ እያረፍኩ፣ አወጣሁላት፤
በአሮጌ ሳፋ ሞልቼ
ጥጉ ላይ አኖርኩላት።
ዛፍ ልሰጣት አልችልም፣ አጥር ልሰጣት አልችልም፣
የምታውቀው መሬት ግን አንድ ሳፋ ይኸው።

ሳንባ ቀቅዬ ሳህኑን ከመኪናው ሥር ገፋሁ።
በማግስቱ አንድ ስንዝር ወደ እኔ ሳብኩት፣
በማግስቱ አንድ ስንዝር፤
በልብስ ሜትሬ ለክቼ፣ ልክ እንደ ሰው ወገብ፣
ሳላጠብቅ፣ ሳልቸኩል።

ሌሊት ከወንዙ ማዶ ጅብ ሲጮህ
የብረት በሩን ትቧጥጣለች።
ምን አለ እዚያ? ውሻ፣ ብርድ፣ ሲኖትራክ።
ግን የእሷ ነበር።
ጋቢዬን ተከናንቤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣
ዓይን ዓይኗን ሳላይ አወራኋት።

«እኔም እኮ በካርቶን ነው የመጣሁት።
ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አምስት ቤት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፤
ዶዘሩ ሲመጣ ድስቴን በጋዜጣ ጠቅልዬ።
ቁልፍ ሰጡኝ፤ ‹እንኳን ደስ ያለሽ› አሉኝ።
ወሩን ሙሉ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ፣
ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣
‹በሉ እንግዲህ ልነሳ› ለማለት ምንም አልቀረኝ።
ከራሴ በላይ የሰው ኮቴ ይሄዳል፤
እዚያ ጋ ሰማይ ነበረ።»

መቧጠጧን አላቆመችም።
ጅቡም አላቆመ።
ሲነጋጋ ግን ሳህኑ ባዶ ነበር።

በስምንተኛው ቀን፣ ቆጣሪ አንባቢው በሩን ሲከፍት፣
አመለጠች።
ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አገኘኋት፤
ታች አልወረደች፣ ላይ አልወጣች፣
መሐል ላይ ቁጭ።
አላነሳኋትም። ከጎኗ ትንሽ አረፍኩ፣
ከዚያ በሬን ገርበብ አድርጌ ገባሁ።
ሻይው ሲፈላ ገባች።

በአሥራ አንደኛው ፔዳሉን ረገጥኩ፣ ቀስ፤
ጆሮዎቿ ተተከሉ፣ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ጎዶሎ፤
አልሸሸችም።
በረንዳውን በወንፊት ሽቦ አጥሬ ከፈትኩላት፤
አዲሱ ዘበኛ እሳት ሲያነድ
ቁልቁል ስታየው ዋለች፣
እንደ ተቆጣጣሪ።

ማታ ወርዶፋ ከአገሩ ደወለ።
«አለች?»
«አለች።»
«ትበላለች?»
«ትበላለች። ሳንባው ተወደደብኝ እንጂ።»
ዝም አለ፤ ከኋላው በሬ ሲያገሳ ይሰማል።
«አንቺስ?» አለኝ።
እግሬን አየሁት፤ ባዶ ነው።
ጫማዬን ብፈልገው
ብሎኬት ተኝታበታለች።