ሁለቱ ቁጥሮች

ደብረ ሲና ወርጄ፣ ከሽመክት ሱቅ ገብቼ፣
ሁለት ርቀት መለኪያ ከመስኮቱ አንስቼ፣
አንድ ዐይኔን ጨፍኜ ግራ ቀኙን አየሁ፤
ዋጋቸውን ስሰማ ዝም ብዬ ቆየሁ።

«ይኼ ሁለት ሺህ ሜትር ይደርሳል» አለና፣
«በድንጋይ ነው ታዲያ፤ ጠጉር ለስላሳ ነውና
ጨረሩን ይውጠዋል፣ ግማሹ ይቀርበታል።»
እውነት ተናግሮ መሸጥ ሽመክት ያውቅበታል።

አባቴ ባትሪ የለው፣ መለኪያው ዐይኑ ነው፤
«ከድኩላው ቀንድ ላይ ጆሮውን ካልለየህ፣ ተወው»
ይል ነበር። በዚህ ሕግ ዕድሜውን ተኮሰ፤
የሳተ ቀን ብቻ ጉሙን ከሰሰ።

ጉሙስ ያው አለልህ። «ሞክራቸው» ብሎኝ
ጣርማ በር ብወጣ፣ ርካሹ እንዲህ አለኝ፦
«አሥራ አራት ሜትር።»
ከፊቴ ማንም የለ፤
ጉሙን ነው የለካው፣ ግድግዳ የመሰለ።
መጀመሪያ የነካውን፣ እሱን ብቻ ያምናል፤
ውዱ ጉሙን አልፎ ወዲያ ማዶ ያያል።
ሁለት ቁጥር አለው ቁልቁል ለሚያልምበት፤
ዐይን የሚሄድበት፣ ጥይት የሚወርድበት።

ጉሙ ላፍታ ተገልጦ ቆርቆሮ ብልጭ አለ፤
የእጅጉ ቤት፣ የወንድሜ፤ ጢሱ እየዋለለ።
ሳላስብ ጫንኩት፦ ስድስት መቶ ሰማንያ፤
ከሥሩ፣ በአግድሙ፣ አምስት መቶ ዘጠና።
በእግር፣ ገደል ዞሮ፣ የግማሽ ቀን መንገድ፤
በእኔና በእሱ ግን ሰባት ዓመት፣ ባንድ ክንድ
መሬት።

ያን ጣራ ካሁን ቀደም አልሜበት አውቃለሁ፣
በሌላ ብረት ነው፤ ለማን እነግራለሁ?
ያኔ ርቀቱን አላውቀውም ነበር።

ውዱን ገዛሁ።
ድኩላ ግን እስካሁን አልለካሁበትም።