ጉማጅ አውራ ጣት

ከፓሮ ወንዝ ማዶ፣ ሩዙ ከታጨደ፣
ቅዳሜ ሲነጋ ሰው ሁሉ ሜዳ ወረደ።
መቶ አርባ አምስት ሜትር፣ ተለክቶ፣ ታጥሮ፣
ዒላማው ከማዶ፣ ቴምብር አክሎ፣ አጥሮ።

ካንዱ ነው ስሜ። ባንክ ቤት፣ ከመስኮት ኋላ፣
ሌላውን ገንዘብ ቆጥሬ የምበላ።
አውራ ጣቴ ፈጣን ነው፤ ሰልፍ አያስቆምም፣
አንድ እሽግ ለመጨረስ ትንፋሽ አይወስድም።
ይኸው ፍጥነት ነበር ሜዳ ላይ ያዋረደኝ።

ደጋኔ ባለ መዘውር፣ አዲስ፣ በብድር የገዛሁት፤
በመልቀቂያዋ ብረት ጅማቱን ይዤ ሳብኩት፤
ነጥቡ ከዒላማው ጋር ገና ሳይጋጠም፣
ጣቴ ዘሎ ቁልፏን ጠቅ! እኔ ሳልጠየቅም።
ፍላጻው ወደ ድንች ማሳ።
ተጋጣሚዎቻችን እየጨፈሩ፦
«እራት ቆፍሮ ያመጣልናል! ማሰሮውን ጣዱ!»
እንዲህ ሦስት ወር። ድንቹም እኔም ሰለቸን።

አፕ ጫዶ ነው የጠራኝ፣ ከአጥሩ ጥግ ሆኖ፣
ጓንቱን ሳያወልቅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ጣቶችህን ቆልምም፣ ወደ ውስጥ አስገባ፤
ብረቱን ከጫፍ አትያዝ፣ እንደ ኪስ ሌባ።
የመዳፍህ ጀርባ ሜዳ ይሁን፣ ጉብታ አይኑረው፤
የእጅ አንጓህን አላላው፣ ባልዲ እንዳንጠለጠለ ሰው።
ከመንጋጋህ ሥር፣ አጥንቱ በሁለት ጣት ጉልበት መሃል ይቀመጥ፤
ትናንት በነበረበት፣ ዛሬም እዚያው፣ አንድ ስንዝር አይለወጥ።
አውራ ጣትህን ግን ቁልፏ ላይ ጋደም አድርገው፣
በጫፉ አትውጋት፤ በእጥፋቱ፣ በሥሩ ተንተራሳት።
ስሙን አታየውም? አውራ ነው፤
አውራ ተቀምጦ ነው የሚፈርድ፤
ሲሮጥ የታየ አውራ፣ ማን ይፈራው?
የሚስበው ጀርባህ ነው፣
የሁለቱ ትከሻ አጥንት ሲቀራረብ፤
ቁልፏ ራሷ መጥታ ጣትህን ታግኘው፣
አንተ አትሂድባት።»

ቀላል ነው ለማለት። «እርስዎ እንዴት ቻሉ?» አልኩት።
ጓንቱን አወለቀ።
ከመጀመሪያው አንጓ በላይ ጣት የለም፤
በወጣትነቱ፣ እንጨት መሰንጠቂያው ቤት፣ መጋዝ የወሰደው።
«ጫፍ የለኝም፤ ምን ይውጋልኝ?» አለና ሳቀ።
እኔ አልሳቅኩም።

አንድ ወር፣ ከጭድ ነዶ ፊት፣ በሁለት እርምጃ፣
ዓይኔን ጨፍኜ።
በፊት በገመድ ቀለበት፣ ያለ ደጋን፣
እራት ስበላ እንኳ፣ ሚስቴ «ማንን ልታስር ነው?» እስክትለኝ።
ከዚያ በደጋኑ።
ጀርባዬ ሲስብ፣ ጣቴ ተኝቶ፣
ድንገት ብረቷ ስትፈታ ደነገጥኩ፣
ብርጭቆ ከእጁ እንዳመለጠው ልጅ።
አፕ ጫዶ ራሱን ነቀነቀ፦
«ደነገጥክ? እንግዲህ ጀመርክ።»

የውድድሩ ቀን ማሰሮው ተጣደልኝ፣ ዘፈኑም ወጣ፤
አንዱ የድንች ከረጢት ተሸክሞ መጣ።
ሳብኩ። መንጋጋዬን አገኘሁት፣ ቦታው እዚያው ነበር።
ነጥቡ ዒላማው ላይ ትንሽ ዋኘ፣ ተውኩት ይዋኝ።
ጣቴ ሊነሳ ቃጣው፤
ጉማጁን አሰብኩ፤
ተመልሶ ተኛ።
ማን እንደለቀቀው እስካሁን አላውቅም።

ዝምታ፤ ቀጥሎ ከማዶ የእንጨት ድምፅ፣ ቀጭን፤
ጠርዙን ነበር፣ ለጥቂት። ወንድሞቼ ግን
መሃሉን እንደመታሁ ጨፈሩ፣
ቢጫ መቀነት ወገቤ ላይ አሰሩ።
አፕ ጫዶ ዒላማውን አላየም፤
ጣቴን ነበር የሚያይ።

ሰኞ፣ ባንክ ቤት፣ ሰልፉ እስከ በር፤
የመጀመሪያውን እሽግ ፈታሁ፣
አንድ፣
ሁለት፣
ኖቱ እየመጣ ጣቴን ሲያገኘው።
አንዲት አሮጊት መስኮቱን አንኳኩ፦
«ልጄ፣ ታመሃል እንዴ?»