ሸራ

ዋርሶ፣ ከትራሙ ሐዲድ ፊት ለፊት፣
ባለ ስድስት ፎቁን ሸራ አለበሱት።
ሸራው ላይ አንዲት ሴት፤
ስቶኪንግ ሻጭ ናት፤
ወገብና እግር እንጂ ራስ አልሣሉላት።

የግራዢና መስኮት ከጉልበቷ ሥር ዋለ።
ብርሃን በዚያች ገላ ተጣርቶ ሲገባ
ሳህኑ፣ ድመቷ፣ የጎመኑ ሾርባ
ሁሉም ሮዝ መሰለ።

«እንግዲህ ሸራ በሸራ ነው» አለች፤
ከላይ ፎቅ ቦጉሚላን ጠራች፣
ሠላሳ ዓመት ትራም የነዳችውን።
«አውልቂ ካልሲውን።»
ቦጉሚላ ሳቀች፤ «ይሄን ማን ይገዛል?»
«አይሸጥም። ተቀመጪ። ባትሽ ይበቃል።»

የደም ሥሯ ግን አልያዝ አለ፤
ሰማያዊው ሁሉ በሮዝ ተበከለ።
ብሩሿን አኖረች።
የወጥ ቤቱን መቀስ ከመሳቢያ አወጣች፤
መስኮቱን ከፍታ የዚያችን ጉልበት
ክንዷ እስከደረሰ ቀደደች።

ገባ የኅዳር ብርሃን፣ እንደ እርሳስ ግራጫ።
ባቷ ላይ ሐዲዱ አንድ ባንድ ታየ፤
ከጉልበቷ በታች ተገናኘ፣ ተለያየ፣
ቁርጭምጭሚቷ ጋ መጨረሻ ፌርማታ።

ታች ትራም ጠባቂዎች ቀና ቢሉ፣
ራስ ያልነበራት ሴት
ከጉልበቷ ቀዳዳ
መነጽሯን አድርጋ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር፣
«አሥራ ሰባት ቁጥር
ዛሬም ዘገየ እንዴ?» ትላለች።