ጆንያ ውስጥ ያለ እጅ

የእኔ ሥራ ቀላል ነው፤ ስም የሌለው ወረቀት፣
በሴሚስተሩ ማብቂያ ተማሪ የጻፈበት፣
በታይፕ እገለብጣለሁ፤ መምህሯ እንዳትለይ
ማን እንዳማት ከታች፣ ማን እንዳመሰገናት ከላይ።
ግን ሃያ ሁለት ዓመት ነው፣ ሰሜን ዳኮታ፣ ይኸው ወንበር፤
የፊደሉን ጅራት አይቼ ባለቤቱን ብጠራ አይከብደኝም ነበር።

«የእንስሳት ሳይንስ አንድ፤ መምህርት ሎሬን ሉንዴ»
ይላል ከአናቱ። ከሥሩ አንዱ፦ «ትምህርት ነው ይሄ እንዴ?
ጎህ ሳይቀድ በረት ግቡ፣ በጥር፣ በዚያ ቁር?
ቡና መያዝ ክልክል፤ ማርፈድ ክልክል፤ ማዛጋትም ነውር!»

ሌላዋ፦ «ስለ ላም አራት ሆድ ስትናገር ፊቷ ፀሐይ ይመስላል፤
እኔ ያለኝ አንድ ሆድ ነው፣ እሱም ባር ባር ይላል፤
ቢሆንም ቀርቼ አላውቅም።»
(ማሪቤል ናት፤ ከቴክሳስ የመጣችው።
ነጥብ ስታስቀምጥ እንደ እንቁላል ነው የምታከበው፣ የምታሳምረው።)

«ፈተናው ከባድ። ቀልዷ ደረቅ። ቦት ጫማዋ ይሸታል።
አምስት ከአምስት።»

አንዱ ደግሞ ባዶ ወረቀት፣ ጥግ ላይ የጭቃ አውራ ጣት፤
ጭቃም ላይሆን ይችላል። እሷን በታይፕ እንዴት ልገልብጣት?

ከሁሉ መራራው ግን የዴረል ኦስትቪግ ነበር፤
እስክሪብቶው ወረቀት እስኪቀድ ተጭኖ የጻፈው ነገር፦
«ዐይናችንን በፎጣ አስራ፣ እጃችንን ጆንያ ውስጥ ከታ፣
የሞተ ጥጃ አጥንት ዳስሱ ትለናለች፤ ምን ይሉታል ይህን ጨዋታ?
የፊት እግር ነው የኋላ? መገጣጠሚያው ወዴት ይታጠፋል?
በዚህ ሠላሳ ከመቶ! ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጆንያ ይዳስሳል?
አባቴ ላም ሲያዋልድ ኖሯል፤ አጥንት ቆጥሮ አያውቅም።
እሷ ዘንድ ተማር ብዬ ጠላቴን እንኳ አልመርቅም።»

ገለበጥኩት። ደንቡ ነው፤ ከስድቡ እንኳ አልቀነስኩላት።
ኮሪደር ላይ ቆማ አነበበች፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበባት።
ከቴርሞሜትሩ ጋር አጣጥፋ የደረት ኪሷ ከተተችው፤
«ዴረል እጁ ጥሩ ነው» አለች።
በምን አወቀችው?

በዓመቱ፣ መጋቢት፣ መንገዱ ከበረዶ ሳይጠረግ ገና፣
ዴረል እስከ ብብቱ ደም ደርቆበት ፊቴ ቆመ መጣና፦
«አባቴ ሆስፒታል ነው። ስልክ የለም፣ መብራትም ጠፍቷል።
ጊደሯ ከማታ ጀምራ ታምጣለች፤ ሁለት ሰኮና ብቻ ወጥቷል።
የፊት ነው ብዬ ልጎትት ስል እጄ ቀደመኝ ወደ ውስጥ፤
ያው ጆንያ ነው፦ ጨለማ፣ ጥበት፣ አጥንት ውስጥ ለውስጥ።
የታችኛው መታጠፊያ ወዲህ፣ የላይኛው ወዲያ ዞረ፤
የኋላ እግር! ጥጃው በጭራው ነው ጉዞ የጀመረ።
እትብቱ ሳይጨመቅ በአንድ ትንፋሽ ስቤ አወጣሁት፤
አፍንጫውን በገለባ ኮረኮርኩት። አስነጠሰ። ሰማሁት።»

ለማን እንደሚያወራ አያውቅም፤ እኔ ላም አልቤ አላውቅ።
ብርጭቆ ውኃ ሰጠሁት፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዐየሁ፣ ሲወድቅ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ያ አምና የጻፍኩት ይጠፋል?» አለኝ።
«ዲኑ ዘንድ ደርሷል፤ ፋይል ሆኗል» አልኩት። አሳዘነኝ።
ለካ «የተማሪ አስተያየት» ብለን በግንቦት የምንሰበስበው
ገና ሣሩ ነው፤ ማመስኳቱ ነው የዘገየው።

ደንቡ አይፈቅድም። ግን አንድ ባዶ ወረቀት ከመሳቢያ መዘዝኩ፤
ቆሞ ጻፈ፣ አንድ መስመር። በታይፕ መገልበጡንም ተውኩ፤
በገዛ እጁ ጽሕፈት፣ ከነደሙ፣ በበሯ ሥር አሾለክሁት።

ማግስቱን ተመለሰ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት።
የሳተው ፊደል በቀይ ታርሞ፣ ቃሉ ቃል ሆነ፤
ከሥሩ አንድ ጥያቄ፦
«ጥጃው ስንት መዘነ?»