የግራዋ ጌጥ

ቀኙማ ሞልቷል፤ ቀኝ ያጣ ማን አለ?
አጎቴ ዴልማር እንኳ ሦስት ቀኝ ሰቀለ
ከጋራዡ ግድግዳ፣ ከሚስማሩ ራስ፤
ሦስቱም «ግራ ነው» ተብለው የተገዙ፣
መጠቅለያው ሲቀደድ ቀኝ የሆኑ፣ ገንዘባቸው የማይመለስ።

ነብራስካ ነው አገሩ፤ የእህል ጎተራው ጥላ ከደጁ የሚደርስ፤
አርባ ዓመት የሰው ስንዴ መዝኖ፣ አንዲት ፍሬ ሳያጎድል ሳያፈስ፣
ጡረታ በወጣ ማግስት አንዲት መኪና ገዛ፤ የሃምሳ ሰባት ዴሶቶ፣
ክንፏ እንደ ዓሣ የቆመ፣ ቀለሟ በፀሐይ ተበልቶ።
ሞተሯ ተነሣ። ስፖርቴሎዋ ተቃና። ፓራውልቷ ክሮም ተነከረ።
አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦
ከኋላው ፓራፋንጎ ላይ፣ ከጎማው ከፍ ብላ የምትጋደም፣
ሦስት ክንድ የማትሞላ የብረት ጌጥ፤ የግራዋ። ሌላ የለም።

ግራ ገባው።
ማለቴ፣ ግራዋ አልገባችም።

ዞርን የመኪና መቃብሩን፤ ሣር የዋጣቸውን ፎርዶች፣
ሆዳቸው ውስጥ ዛፍ በቅሎ ኮፈናቸውን የከፈተ ፕሊማውዞች፤
ካቻቢቴው በእጄ፣ ፒንሳው በኪሱ፣ እባብ እየፈራን።
ከዳኮታ አንዱ ደውሎ «አለኝ» ቢለው፣ አምስት ሰዓት ነዳን፤
ሰውዬው ዘቅዝቆ ይዟት ነበር። አቅንተን ብናያት፣
ቀኝ። ቡናችንን እንኳ ሳንጨርስ ተመለስን በዝምታ በሌሊት።
«ለምን የግራዋ ብቻ ትጠፋለች?» አልኩት አንድ ማታ።
«እኔ እንጃ» አለ። «የማውቀው መጥፋቷን ነው»፤ እና መብራቱን አጠፋ፣ ተኛ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ከኢርማ ቫቭራ አጥር ሥር
ቲማቲም ሊገዛ ቆሞ፣ ዓይኑ ተክሉ መሐል ሲቀር፦
ቲማቲሙ የተደገፈበት እንጨት አይደለም፤ ያበራል።
ጎንበስ አለ። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ጫፏን ዳሰሰ፤ ወደ ግራ ይዞራል።

«የኤሚል ናት» አለች። «ባቡሩ መኪናውን ከበላበት በኋላ
ያተረፈው ይቺን ነው። እንጨት ይበሰብሳል፤ ይቺን ምስጥም ዝገትም አልበላ።»
«የጠየቅሽኝን ልክፈል!»
«አሁን ብነቅላት ተክሉ ይወድቃል። ውርጭ ሲመጣ ና» አለችው።
አሥራ አንድ ዓመት የታገሠ ሰው፣ ሁለት ወር አቃተው።
በየቅዳሜው ሄደ፤ በዘንቢል ቲማቲም ገዛ፤ ሳንበላው ፈረሰ።
በዚያ የገበሬ አገር፣ ውርጭ ውረድ ብሎ የሚለምን እሱ ብቻ። ጥቅምት ደረሰ።

ገንዘብ አልፈለገችም። «ምትኳን አምጣ፤ ለበልግ ባዶ እጄን አልቅር።»
ዴልማር ሮጠ፤ በሰባ አንድ ዓመቱ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር፤
ከሚስማሩ አወረዳቸው፤ መጣ ሦስቱንም ቀኝ ተሸክሞ።
ለቲማቲም ምን ቀኝ አለ፣ ምን ግራ አለ ደግሞ!

ከዚያ ሥራው። ሞርሳ አይሆንም፤ ይጨፈልቃታል፤
ከአሸዋ ከረጢት ላይ በሆዷ አስተኝቶ፣ ከጀርባዋ ይኮረኩማታል
በትንሽ መዶሻ፣ ደጅ እንደሚያንኳኳ የሌሊት እንግዳ።
አምስት ስርጉድ ነበራት፤ አራቱ ወጡ፤ አምስተኛው አልላቀቅ አለ፣ እንደ ቆየ ዕዳ።
ብርጭቆ ወረቀቱ የእኔ ድርሻ፤ ሸካራው፣ ከዚያ ለስላሳው፣ ከዚያ በውሃ፤
ጣቴ ተላጠ። ጎተራው ገባባት፣ ሰማዩ ገባባት፣
ፊቴም ገባ፣ ጌታ ቤት እንደገባ ድሃ።

መያዣዋ አምስት ነው፤ አምስቴ ጠቅ አለች።
ዴልማር ሃያ እርምጃ ራቀ። መነጽሩን አወለቀ፣ አጠለቀ።
«ግራዋ ገባች፣ አጎቴ» አልኩት።
አልመለሰልኝም። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚሄድ
ግራ ገብቶት ቆሟል፤
ቲማቲሙ እንኳ ተነቅሏል፣ በረዶ ሊወርድ።